«ፒዲኤፍ አለን» ማለት መመሪያ አለን ማለት አይደለም

ወዳጆቼ፣ በተለይ ድሮ ተማሪዎቼ የነበራችሁና አሁን በየከተማው ሶፍትዌር የምትሠሩ። ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። በአቦል አያልቅም፣ እስከ በረካ ይወስዳችኋል። ቡናውን አቅርቡና ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ አንዱ ደወለልኝ። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለገበሬ ማኅበራት የመጋዘን መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርተዋል። ፕሮግራሙ አልቋል፣ የቀረው የአጠቃቀም መመሪያው ነው። መመሪያው በኮምፒውተርም፣ በስልክም፣ በወረቀትም የሚነበብ እንዲሆን ተጠይቀዋል። «ቲቸር፣ በምን ብንሠራው ይሻላል?» አለኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ራሱ ቀጠለ፦ «ጓደኞቼ ግን በወርድ ጻፈውና ፒዲኤፍ አድርገህ ላከው፣ ለመሆኑ ማን ያነበዋል? እያሉ ይስቁብኛል።»

ይቺ «ማን ያነበዋል» የምትባል ነገር ናት ያንገበገበችኝ። ማን እንደሚያነበው ልንገራችሁ። ታሪኩ የሌላ ሰው አይደለም፣ የራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሁለት ልጆች ለአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ክፍል ትንሽ የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራን። ጤና ጣቢያው እዚሁ ላስታ ነው፣ ስሙ ይቆይ። መመሪያውን እኔ ጻፍኩ፣ በወርድ። ወደ ፒዲኤፍ ቀየርኩት፣ አሳተምኩት፣ በሽቦ አስጠረዝኩት። 40 ገጽ ገደማ ነበር። ያንኑ ጽሑፍ ገልብጬ ድረ ገጽ ላይም ለጠፍኩት። ደስ አለኝ። «መመሪያችን በሦስት ፎርማት አለ» ብዬ እዚሁ ገጼ ላይ ፎክሬያለሁ፣ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

የመጀመሪያው የፕሮግራሙ እትም ቀን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲገባ ይጠይቅ ነበር። የመድኃኒት ካርቶን ላይ የሚጻፈው የአገልግሎት ማብቂያ ግን በፈረንጅ ነው። ስለዚህ መመሪያው «የማብቂያውን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀይረው ያስገቡ» ይላል። ሰዎች መቀየሩ ላይ ተቸገሩ። እኛም በሁለተኛው እትም አስተካከልነው፦ የማብቂያው ቀን ካርቶኑ ላይ እንዳለ በፈረንጅ ይግባ አልን። ጥሩ ማሻሻያ ነው። አዲሱን አንቀጽ በሐምሌ 2015 ጻፍኩ፣ ድረ ገጹ ላይ ብቻ። የወርድ ፋይሉን «ነገ አስተካክለዋለሁ» አልኩ፣ የታተመውን ደግሞ «ሲያልቅ እናሳትማለን» አልኩ።

ከሳምንታት በኋላ የሆነውን የክልላችን ሰው ሁሉ ያውቃል። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ለወራትም ተዘግቶ ቆየ። አዲሱ የፕሮግራም እትም በፍላሽ ከወልድያ መጣና ተጫነ። መመሪያው ግን ድረ ገጹ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ፍላሹ ውስጥ የገባው ያ የድሮው ፒዲኤፍ ነበር።

የመድኃኒት ክፍሉን የያዘችው ልጅ ያስተማርኳት ተማሪዬ ናት። አዲስ መድኃኒት ሲመጣ የተጠረዘውን መመሪያ ከፈተች፣ እንደታዘዘችው አደረገች። ካርቶኑ 06/2025 ይላል፣ እሷ ቀይራ 10/2017 ብላ አስገባች። አዲሱ ፕሮግራም ይሄንን በፈረንጅ አነበበው። ጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። በሱ ቤት መድኃኒቱ ገና ሲገባ ካበቃለት ስድስት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ቆለፈው። ማውጫ ወረቀት አልሰጥም አለ።

የሕፃናት ሽሮፕም ውስጡ ነበር። ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ልጅ አዝላ በእግሯ የመጣች እናት መደርደሪያው ላይ መድኃኒት እያየች «ሲስተሙ አይለቅም» ተባለች። ሠራተኛዋ ካርቶኑን አንስታ አሳየች፣ «እዩት፣ ጊዜው አላለፈም» አለች። ግን ያለ ማውጫ ወረቀት መስጠት ክልክል ነው። እናትየዋ ተበድራ ከግል መድኃኒት ቤት ገዛች። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሰው በስልክ አገኘኝና በአሥር ደቂቃ ተፈታ።

ከዚያ በኋላ ለሠራተኛዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት፦ «የአጠቃቀም መመሪያውን ባለመከተልሽ»። ልጅቷ የተጠረዘውን መመሪያ ይዛ ቤቴ ድረስ መጣች። ገጽ 14 ላይ በእስክሪብቶ አስምራበታለች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «ቲቸር፣ መመሪያ ሳታነቡ አትንኩ ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ፣ በቃ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን በደብዳቤ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ማስጠንቀቂያው ግን ከግል ማኅደሯ እስካሁን አልወጣም።

እንግዲህ «ማን ያነበዋል?» ለምትሉ፣ እሷ ታነበዋለች። በጣም ታማኝ የሆነው ሰው ነው የሚያነበው፣ በተሳሳተ መመሪያ መጀመሪያ የሚጎዳውም እሱው ነው። ያላነበበው ሰውዬማ ጎረቤቱን ጠይቆ ያልፋል።

አሁን ወደ ክርክሩ።

ብዙ ጊዜ «የትኛው መሣሪያ ይሻላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ወዲያው ስም መጥራት ይጀምራል። ወርድ፣ ጉግል ዶክስ፣ ማርክዳውን፣ ላቴክ ይላል። ከስሙ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ እናት ጽሑፉ የት ነው? አንድ ስህተት ባገኝ በስንት ቦታ አርማለሁ? መልሱ «በአንድ ቦታ» ካልሆነ መሣሪያው ምንም ይሁን ምን ወድቃችኋል። እኔ ሦስት ፎርማት ነበረኝ ብያለሁ። ውሸቴን ነው፣ የነበሩኝ ሦስት የተለያዩ መመሪያዎች ናቸው። አንዱ አዲስ ነበር፣ ሁለቱ ያረጁ፣ ሦስቱም አንድ ርዕስና አንድ የፊት ገጽ ለብሰው።

የኛ አገር ሰው ይሄንን ችግር ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። በብራና ዘመን ቁም ጸሐፊው አንድ ቃል ቢዘል ከሱ የሚገለብጠውም ያንኑ ዝላይ ይወርሳል። ስለዚህ የተጻፈው ከእናት ቅጂው ጋር ይመሳከራል፣ የተዘለለው በኅዳጉ ላይ ይገባል። እኛ በኮምፒውተር ዘመን «ሴቭ አዝ» ስንል ማመሳከሩን ረሳነው። «መመሪያ_የመጨረሻ»፣ «መመሪያ_የመጨረሻ_2»፣ «መመሪያ_የእውነት የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ዴስክቶፑ ላይ የሌሉት ሰው እጁን ያውጣ። እኔ አላወጣም።

ወርድ ይበቃል ለሚሉት

«ወርድ ሁሉም ሰው ያውቀዋል» ትላላችሁ። እውነት ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ማመልከቻ ለመጻፍ፣ የፈተና ወረቀት ለማዘጋጀት እኔም ወርድ ነው የምጠቀመው። አንዴ ታትሞ ለሚያልቅ ነገር ምንም አይወጣለትም። ሶፍትዌር ግን አንዴ ተሠርቶ አያልቅም። እዚህ ቤተ ጊዮርጊስ አለልን፣ ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ ይኸው ዘመናት ቆመ። ፕሮግራም እንደሱ አይደለም። በሦስት ወሩ አንድ ቁልፍ ቦታ ይቀይራል፣ አንድ ሳጥን ይጨመርበታል። መመሪያውም አብሮ መቀየር አለበት።

በወርድ ፋይል ውስጥ ደግሞ ባለፈው ወርና በዚህ ወር መካከል የተቀየረውን ማየት ከባድ ነው። ለውጥ የሚከታተል ነገር አለው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ማብራቱን ከረሳ አለቀ። ፋይሉን ሦስት ሰው በፍላሽ ወስዶ ሦስት ቦታ ካረመውማ ማን ሊያዋህደው? በተራ ጽሑፍ የተጻፈ እናት ጽሑፍ ግን እንደ ፕሮግራሙ ኮድ በጊት ይቀመጣል። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደቀየረ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመመሪያው ማሻሻያ ከኮዱ ማሻሻያ ጋር በአንድ ላይ ይሄዳል። እኔ በሐምሌ 2015 እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ አዲሱ እትም በፍላሽ ሲሄድ አዲሱ መመሪያም አብሮት ይሄድ ነበር።

ድረ ገጽ ብቻ ይበቃል ለሚሉት

እነዚህ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። አትቀየሙኝ፣ እወዳችኋለሁ። «የወረቀት ዘመን አልፏል፣ ድረ ገጽ ላይ አድርገው፣ ሁሌም አዲስ ነው» ትላላችሁ። ሁሌም አዲስ መሆኑ ልክ ነው። ግን ለማን? በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትም ስልክም ኢንተርኔትም አልነበረም። በ2015 መጨረሻ የሞባይል ዳታው እንደገና ተዘጋ። ሰላም በሆነ ጊዜም ቢሆን ከከተማ ወጣ ብላችሁ ወደ ቡግና ወይም ወደ ቢልባላ ስትሄዱ ስልኩ ላይ ያለው የኔትወርክ ምልክት እንደ ክረምት ፀሐይ ነው፣ ብቅ ብሎ ጥልቅ ይላል። በኢንተርኔት ብቻ የሚነበብ መመሪያ በጣም በተፈለገበት ቀን የማይገኝ መመሪያ ነው።

ወረቀት ብቻ ይበቃል ማለቴ አይደለም። ወረቀቱ ነው እኮ ያቺን ልጅ ጉድ የሠራት! የምለው ወረቀቱም፣ ድረ ገጹም፣ ስልክ ላይ የሚጫነውም ከአንድ እናት መወለድ አለባቸው ነው።

ቪዲዮ ሠርተን በቴሌግራም እንለቃለን ለሚሉት

ቪዲዮ ለማስተማር ጥሩ ነው። ለማመሳከር ግን አይሆንም። ወረፋ ቆሞ ሰው እየጠበቀ ማን ነው የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ሳጥን የሚፈልገው? ሳጥኗ ስትቀየር ደግሞ ቪዲዮው በሙሉ እንደገና ይቀረጻል ወይ? አይቀረጽም። ያረጀው ቪዲዮ ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር ይኖራል።

እሺ፣ በምን እንሥራው ታዲያ?

ይሄ ሐሳብ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ አርጅቷል። የጂኤንዩ ፕሮጀክት ሰዎች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴክስኢንፎ በሚባል መሣሪያ ከአንድ ፋይል የታተመ መጽሐፍም በስክሪን የሚነበብ መመሪያም ያወጡ ነበር። ዶክቡክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዚሁ ተሠራ። የፓይተን ሰዎች መመሪያቸውን በላቴክ ሲጽፉ ኖረው በ2008 እ.ኤ.አ. ወደ ስፊንክስ ዞሩ። ለኛ ቅርብ የሆነውን ልጥቀስ፦ የጤና መረጃ ባለሙያ የሆናችሁ ሁሉ የምታውቁት ዲኤችአይኤስ2 ሰነዱ ቀድሞ በዶክቡክ ይጻፍ ነበር፣ ኋላ ወደ ማርክዳውን ተዛወረ። ያንን የሚያህል ሥርዓት እንኳ መመሪያው የሚጻፈው በተራ ጽሑፍ ነው። እኛ ለ40 ገጽ መመሪያ ምን ሆነን ነው የምንኩራራው?

ለዚያ ለደወለልኝ ልጅ የምመክረው እንዲህ ነው።

መመሪያው ከመቶ ገጽ በታች ከሆነ በማርክዳውን ጻፉትና በፓንዶክ አውጡት። ማርክዳውን በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ቀላል የአጻጻፍ ስልት ነው። ርዕስ ለማድረግ አንድ ምልክት፣ ዝርዝር ለማድረግ አንድ ምልክት ነው፣ በአንድ ከሰዓት ይለመዳል። ፓንዶክን የሠራው ጆን ማክፋርሌን የፍልስፍና መምህር ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ያልተማራችሁ ልባችሁ ይረፍ። ከአንዱ ፋይል ኤችቲኤምኤል፣ ኢፐብ፣ ወርድና ፒዲኤፍ ያወጣላችኋል። በነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃዋል።

መመሪያው ትልቅ ከሆነ፣ «ምዕራፍ 3ን ተመልከት» የሚል ማጣቀሻ የበዛበት ከሆነ ስፊንክስ ወይም አስኪዶክ ይሻላል። የማጣቀሻውን ቁጥር ራሳቸው ይይዙታል፣ ምዕራፍ ስትጨምሩ አይዛባም። ዶክቡክና ዲታ ደግሞ ብዙ ጸሐፊ ላለው ትልቅ ድርጅት ናቸው። ለሦስት ልጆች በሬ አርዶ አንድ ቁርጥ እንደመብላት ነው።

ፎርማቱን ስትመርጡ አንባቢውን በዓይነ ሕሊናችሁ አስቀምጡት። የተጠረዘ ወረቀት መብራት ሲጠፋ ነው። ስልክ ለያዘ ሰው ግን የኤ4 ፒዲኤፍ አትላኩለት። ጣቱን ዘርግቶ እያጎላ ግራና ቀኝ ሲጎትት ሐሳቡ ይጠፋዋል። ለሱ ኢፐብ ወይም ምስሉ ሁሉ ውስጡ የታሸገበት አንድ ነጠላ የኤችቲኤምኤል ፋይል ስጡት። ፓንዶክ ይሄንን ያወጣል። ፋይሉ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይሄዳል፣ በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል፣ ጽሑፉም እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ያስተካክላል።

አማርኛ ላይ ስትደርሱ ግን ጠንቀቅ

የፈረንጅ ማስተማሪያ የማይነግራችሁ ነገር እዚህ አለ።

አንደኛ፣ ዩኒኮድ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው። አሁንም ግን በየቢሮው በድሮዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ሞልቷል። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደል ላይ የግዕዝ መልክ ያለብሳሉ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት የተዘበራረቀ ላቲን ብቻ ይታያችኋል። ከእንዲህ ዓይነት ፋይል ድረ ገጽም ኢፐብም አይወለድም። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይገለበጥ።

ሁለተኛ፣ ፒዲኤፍ ሲወጣ ፎንቱን በስም ንገሩት። ፓንዶክ ፒዲኤፍ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ በላቴክ በኩል ነው። የተለመደው ፒዲኤፍላቴክ የኛን ፊደል ሲያይ ስህተት ብሎ ይቆማል። ዚላቴክን ተጠቅማችሁ ፎንት ካልመረጣችሁለት ደግሞ የባሰ ነው፣ ሳይቆም ይጨርስና ፊደሉ ያለበትን ቦታ ባዶ ያደርገዋል። አንዱ ተማሪዬ 60 ገጽ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አትሞ የመጣው በዚህ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ምረጡ፣ ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ሙሉው የላቴክ ጥቅል ብዙ ጊጋባይት ነው፣ በኛ ኔትወርክ ማውረዱ አንድ ሱባኤ ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በፍላሽ እንዲያመጣላችሁ አድርጉ። አለበለዚያ ኤችቲኤምኤሉን አውጡና ከብራውዘሩ «ፕሪንት» ብላችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት። ለትንሽ መመሪያ ያም ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ሞክሼ ፊደል። ይሄንን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ «መድኃኒት» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ሠራተኛዋ መፈለጊያው ላይ «መድሀኒት» ብላ ትጽፋለች። ኮምፒውተሩ «የለም» ይላታል። አለ እኮ! ሰው አንድ ድምፅ ይሰማል፣ ማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ነው የሚያየው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ስለ ሆሄያት ያላችሁን አቋም እዚህ አልነካም፣ እሱ የሌላ ቀን ጠብ ነው። የምለው አንዱን መርጣችሁ ከዳር እስከ ዳር ጽኑበት ነው። በአራት ፋይል የተበተነ መመሪያ ላይ ይሄንን ማድረግ ሥቃይ ነው። እናቱ አንድ ከሆነች ግን ፈልጎ በመተካት ይጠናቀቃል። መጨረሻ ላይም «እንዲህ ብለው ቢፈልጉም ይኸው ነው» የሚል የቃላት ማውጫ ጨምሩ።

አራተኛ፣ ቀን። ቀን በምትጽፉበት ቦታ ሁሉ «በኢትዮጵያ» ወይም «በፈረንጅ» ብላችሁ ጻፉ። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቁኝም።

የሚቀርብብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ

«የጤና ጣቢያው ኃላፊ ማርክዳውን አያውቅም፣ እንዴት ይገመግምልሃል?» ልክ ነው። ለኃላፊው ማርክዳውን አትስጡት። ከእናት ጽሑፉ የወርድ ፋይል አውጥታችሁ ስጡት፣ እንደፈለገ ያስምርበት፣ ይጻፍበት። ከዚያ እርማቱን ወስዳችሁ እናት ጽሑፉ ላይ አስገቡና ያንን የወርድ ፋይል ጣሉት። ልጅን አርማችሁ እናትን እንዳለች ከተዋችኋት ቀጣዩ ልጅ ያንኑ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፦ ድረ ገጹ ልጅ ነበር፣ እሱን አርሜ እናቱን «ነገ» አልኳት።

«ሠንጠረዥ ላይ ማርክዳውን ደካማ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ደካማ ነው። ሴሎቹ የተቀላቀሉበት የተወሳሰበ ሠንጠረዥ አይወድም። ማርክዳውን ራሱም ዝርያው ብዙ ነው፣ አንዱ መሣሪያ የተቀበለውን ሌላው ይጥለዋል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ምረጡና በሱ ሕግ ኑሩ። ግን ልጠይቃችሁ፦ አሥራ ሁለት አምድ ያለው ሠንጠረዥ በስልክ ላይ ማን አንብቦት ያውቃል? ሠንጠረዡ እንቢ ሲላችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፣ ነገሩን ከፋፍላችሁ በተራ ቁጥር ማስረዳት አለባችሁ ማለት ነው።

«ይሄ ሁሉ ድካም ለአንዲት ትንሽ ፕሮግራም?» ድካሙ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ታርማላችሁ፣ አንድ ትእዛዝ ትሰጣላችሁ፣ ሁሉም ፎርማት በአንድ ጊዜ ይወጣል። በወርድ መንገድ ግን ድካሙ በየእትሙ ይመላለሳል። ሰው ደግሞ ይደክመዋልና አንድ ቀን «ነገ» ይላል። ያቺ «ነገ» ናት ገጽ 14 ላይ የተቀመጠችው።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የትኛውንም መሣሪያ ብትመርጡ፣ ወርድም ቢሆን፣ ይቺን ግን አድርጉ፦ እያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ የፕሮግራሙ እትም ቁጥርና መመሪያው የወጣበት ቀን ይታተም። በእጅ አትጻፉት፣ ከእናት ጽሑፉ ይምጣ። የፕሮግራሙም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያው ቁጥር ይታይ። የያዙት ወረቀት 1 እያለ ስክሪኑ 2 ካለ ማንም ሰው ኮምፒውተር ሳይማር «ይሄ የዚህ አይደለም» ይላል። ያቺ ልጅ ይሄንን ታይ ነበር። እኔ ቁጥሩን አላተምኩላትም። ወረቀቱ ላይ ምንም ቀን የለም፣ ያለው የኔ ስም ብቻ ነው፣ በትልቁ፣ የፊት ገጹ ላይ።

አሁን መመሪያውን በሙሉ በማርክዳውን እንደገና ጽፌዋለሁ፣ ከኮዱ ጋር አንድ ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል። ሲታተምም፣ ወደ ስልክ ሲሄድም፣ በፍላሽ ሲጫንም ከዚያው ነው የሚወጣው። አዲሱን ጥራዝ ጤና ጣቢያው ድረስ ራሴ ወስጄ ሰጠሁ፣ የድሮውን ተቀብዬ መጣሁ። ያ የተሰመረበት ገጽ 14 ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ለመጋዘኑ ልጆች፦ መመሪያችሁን ከኮዱ ጋር አስቀምጡት፣ ዛሬውኑ። «ማን ያነበዋል» የሚላችሁ ጓደኛ ካለ ይሄንን ጽሑፍ ላኩለት። የማትስማሙ ኮመንት ላይ ኑ፣ እንከራከር። ወርድን ልትሟገቱለት ከመጣችሁ ግን በቅድሚያ አንድ ነገር ንገሩኝ፦ የእናንተ መመሪያ ዛሬ በስንት ቦታ ተቀምጧል? ሁሉስ አንድ ነገር ይላል?